ሲስተር፣ ሰዓቱን ልጨምር?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አራቱ ስለ አንድ ነገር ናቸው፤ ስለ ረጅም ርቀት ትራያትሎን። ይህን ዓምድ ስጀምር የምጠየቀው ስለ ደም ግፊትና ስለ ስኳር ነበር። ዘመን ተለውጧል።

ለማያውቁት ባጭሩ፦ አይረንማን የሚባለው ውድድር 3.8 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 180 ኪሎ ሜትር ብስክሌት፣ ከዚያ 42.2 ኪሎ ሜትር ሩጫ ነው። ሁሉም በአንድ ቀን። አብዛኛውን ጊዜ ገደቡ 17 ሰዓት ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ሃዋይ ላይ ሲጀመር 15 ሰው ተነሥቶ 12ቱ ጨረሱ። ዛሬ መመዝገቢያው ውድ ነው፣ ብስክሌቱ ከዚያ ይብሳል፤ ያም ሆኖ ሰው ይሰለፋል።

እኔን ለማታውቁኝ ደግሞ፦ ነርስ ነኝ፣ የማታ ፈረቃ። በወጣትነቴ አዲስ አበባ ለአንድ ክለብ 10,000 ሜትር እሮጥ ነበር። ስሜ ጋዜጣ ላይ ወጥቶ አያውቅም። ዋና የተማርኩት በ36 ዓመቴ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ባለ የካውንቲ መዋኛ ውስጥ፣ ከስድስት ዓመት ልጆች ጋር ተሰልፌ ነው። አንዷ ሕፃን ዞር ብላ "ውሃው አይነክስም እኮ" ብላኛለች። ወደ ጥያቄዎቹ።

*

"ጤና ይስጥልኝ ሲስተር። 38 ዓመቴ ነው፣ አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ ነው የምኖረው። ታክሲ እነዳለሁ፤ በቀን 11 ሰዓት፣ በሳምንት 6 ቀን። መስከረም ላይ ሜሪላንድ ውስጥ ኬምብሪጅ ለሚደረገው አይረንማን ተመዝግቤያለሁ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ተነሥቼ ነው የምለማመደው። አሁን በሳምንት 18 ሰዓት ደርሻለሁ። ኖርዌጂያኖቹ 30 ሰዓት እንደሚሠሩ ዩቲዩብ ላይ አይቻለሁ። የኔ ግን እየባሰ ነው የመጣው። ኪሎ ሜትሩን በ5:40 የምሮጠውን አሁን በዚያው ድካም 6:10 ይፈጅብኛል። ጠዋት የልብ ምቴ 52 ነበር፣ አሁን 61 ነው። እየደከመኝ እንቅልፍ አይወስደኝም። ባለቤቴ 'ፀባይህ ተበላሸ' ትለኛለች። ሰዓቱን ልጨምር ወይስ ምን ይሻለኛል?" — ሾፌሩ

ወንድሜ፣ አትጨምር። ቀንስ። መልሱ ይኸው ነው። ምክንያቱን ከፈለግክ ተሳፋሪ እስኪመጣ ድረስ አንብበው።

መጀመሪያ ሒሳብ እንሥራ። 11 ሰዓት በ6 ቀን 66 ነው። 18 ስትጨምርበት 84። ሳምንት 168 ሰዓት አለው። ልክ ግማሹን ወስደኸዋል። በቀረው ግማሽ ትበላለህ፣ ትታጠባለህ፣ ልጅ ካለህ ልጅ ታያለህ፣ የቤተ ዘመድ ለቅሶ ትደርሳለህ። ስንት ሰዓት እንደምትተኛ አልጻፍክልኝም። ባትጽፈውም ያስታውቃል፤ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል የሚነሣ ሹፌር አምስት ሰዓት ከተኛ ጎበዝ ነው።

ልምምድ በራሱ አያጠነክርም። ልምምድ የሚያደርገው ማድከም ነው። ጡንቻው ይላላል፣ በጡንቻና በጉበት የተከማቸው ስኳር ያልቃል፣ ጅማት ይጎተታል። የሚጠግነው ስትበላና ስትተኛ ነው። ያለቀው ስኳር በደንብ ብትበላም ለመሙላት አንድ ሙሉ ቀን ይፈልጋል። ጥገናውን የሚያግዘው የእድገት ሆርሞን ደግሞ አብዛኛው የሚወጣው ጥልቅ እንቅልፍ ውስጥ ነው። አንተ ጥገናው ሳያልቅ ግድግዳውን እንደገና ታፈርሰዋለህ። የልብ ምትህ በ9 መጨመሩ፣ ደክሞህ እንቅልፍ ማጣትህ፣ ፀባይህ መክፋቱ፣ ፍጥነትህ መውረዱ አራት የተለያዩ ችግሮች አይደሉም። አንድ ናቸው። ባለቤትህ ከእጅ ሰዓትህ ቀድማ አውቃዋለች።

ደግሞ ሰውነት ለሥራ አንድ ኪስ፣ ለስፖርት ሌላ ኪስ የለውም። የትራፊክ ንዴት፣ 11 ሰዓት መቀመጥ፣ የወሩ ቤት ኪራይ፣ ሁሉም የሚወጣው ከአንዱ ኪስ ነው።

ስለ ኖርዌጂያኖቹ። ክርስቲያን ብሉመንፌልት የቶኪዮን ኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘ ነው። ጉስታቭ ኢደን እ.ኤ.አ. በ2022 የአይረንማን የዓለም ሻምፒዮናን ኮና ሃዋይ ላይ በ7 ሰዓት ከ40 ደቂቃ አሸንፏል። ብዙ እንደሚሠሩ እውነት ነው። አንተ ያላየኸው ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ ልምምድ መሀል እየቆሙ ደም ይሰጣሉ፤ አንድ ጠብታ። የሚለኩት ላክቴት የሚባለውን፣ ጡንቻ በብርቱ ሲሠራ ደም ውስጥ የሚጨምረውን ነው። የሚለኩት ለመፍጠን እንዳይመስልህ፤ ከታቀደው በላይ እንዳይፈጥኑ ነው። ሁለተኛ፣ ሥራቸው ይኸው ነው። ከልምምድ መልስ ተሳፋሪ የላቸውም፤ አልጋ ነው ያላቸው።

ይህ ደግሞ ለእኛ አዲስ መሆን አልነበረበትም። እኛ ስደት የወጣን ሰዎች ከአገር ቤት ሯጭ የቀዳነው የጠዋቱን ብቻ ነው። በጨለማ መነሣቱን፣ የእንጦጦን ዳገት፣ የሰንዳፋን አስፓልት እናወራለን። ከሰዓት በኋላውን አናወራም። እኔ ክለብ እያለሁ ከሱሉልታ ወይም ከሰንዳፋ ስንመለስ በልተን መጋረጃ ዘግተን እንተኛ ነበር፤ እስከ 9 ሰዓት። የቤቱ አከራይ "እነዚህ ልጆች ታመዋል እንዴ?" ይሉ ነበር። ከበድ ያለው ልምምድ በሳምንት ሁለቴ ሦስቴ ነው። በመሀሉ ጫካ ገብተን፣ ተሰልፈን፣ በዛፎቹ መሀል እየተጠማዘዝን በሶምሶማ ነው። ሶምሶማ ስል እያወራን ነው። በዚያ ቀን መሪውን አልፎ የሚወጣ ሰው ከአሰልጣኙ የሚሰማውን ስድብ እዚህ አልጽፈውም።

ይህን ሁሉ እያወቅኩ እኔም እንዳንተው ሆኛለሁ። ለኬምብሪጅ መጀመሪያ የተዘጋጀሁ ዓመት በሳምንት ሦስት ሌሊት ባለ 12 ሰዓት ፈረቃ እሠራ ነበር፤ ልምምዱ 16 ሰዓት ደርሷል። በሐምሌ አንድ ቀን ጠዋት ከሥራ ወጥቼ ወደ መዋኛ ስሄድ ጆርጂያ አቬኑ ላይ ቀይ መብራት ያዘኝ። ቀጥሎ የማስታውሰው ከኋላ ያለው መኪና ክላክስ ነው። እግሬ ፍሬን ላይ እንዳለ ተኝቻለሁ። መብራቱ ስንቴ እንደተቀያየረ አላውቅም። ምን አደረግኩ መሰለህ? ወደ ቤት መመለስ ሲገባኝ ሄጄ ዋኘሁ። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። ከሁለት ሳምንት በኋላ የግራ እግሬ መሀል ላይ ሕመም ጀመረኝ፤ አጥንቱ በድካም ተሰንጥቋል። ደሜ ሲመረመር የብረት ክምችቴ፣ ፌሪቲን የሚባለው፣ 11 ብቻ ነበር፤ በጣም ዝቅ ያለ ነው። ስድስት ሳምንት የፕላስቲክ ቦት አደረግኩ። በውድድሩ ቀን መንገድ ዳር ቆሜ ውሃ አቀበልኩ።

በቀጣዩ ዓመት በሳምንት ከ11 ሰዓት አላለፍኩም። በ13 ሰዓት ከ42 ደቂቃ ጨረስኩ። እንደዚያ ቀስ ብዬ ሮጬ አላውቅም፤ ጥርሴ ግን አልከደን አለኝ።

አሁን ያንተን እንይ። ለአራት ቀን ምንም። ብስክሌቱን ጋራዥ አስገባው፣ እንዳታየው። ከዚያ ለአስር ቀን ያህል በየቀኑ ከ40 ደቂቃ ያልበለጠ ቀላል ነገር፤ አንድ ቀን ዋና፣ አንድ ቀን እርምጃ። በየጠዋቱ ከአልጋ ሳትወርድ የልብ ምትህን ቁጠር። ወደ 54፣ 55 ሲወርድ እንደገና እንጀምራለን። ካልወረደ ሐኪም ጋ ሂድ፤ የደም ማነስ፣ ፌሪቲን፣ ታይሮይድና ቫይታሚን ዲ አስመርምር። ደረት ውጋት፣ ራስ መሳት፣ ወይም እንደ ኮካ የጠቆረ ሽንት ካየህ ግን ቀጠሮ አትጠብቅ፤ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል።

ስትጀምር በሳምንት 10 ሰዓት፣ ቢበዛ 11። ረጅሙን ብስክሌት ሥራ በማትወጣበት ቀን አድርገው። ሸርሊንግተን ላይ የሚጀምረው የደብልዩ ኤንድ ኦዲ መንገድ እስከ ፐርሰልቪል 72 ኪሎ ሜትር ነው፤ መኪና የለም፣ ደርሶ መልሱ ከበቂ በላይ ነው። ግማሹን ሄደህ ብትመለስም የሚከስህ የለም። በሌላ ቀን አንድ ሰዓት ቤት ውስጥ ፔዳል። ዋና ሁለት ቀን፣ 50፣ 50 ደቂቃ። ሩጫ ሦስት፦ አንዱ በማውንት ቨርነን መንገድ ሰዓት ተኩል፣ አንዱ 45 ደቂቃ ሆኖ መሀሉ ላይ ስድስት ጊዜ ሦስት ሦስት ደቂቃ ጠንከር ያለ፣ አንዱ ከብስክሌት እንደወረድክ ግማሽ ሰዓት። አንድ ቀን ባዶ። ባዶ ማለት ባዶ ነው፤ "ትንሽ ዋና ብቻ" የሚባል ነገር የለም። በየአራተኛው ሳምንት ወደ 6 ወይም 7 ሰዓት አውርደው። የመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ላይ ደግሞ ግማሽ በግማሽ ቀንስ፤ ፈጠን ያለውን አጫጭሩን ግን አትተወው፣ እግር እንዳይረሳ።

ከጠንካራው ቀን በስተቀር የልብ ምትህ ከ142 አይለፍ። 142 ከየት መጣ? ከ180 ላይ ዕድሜህን ቀንስ። ኮናን ስድስት ጊዜ ያሸነፈው ማርክ አለን በዚህ ዓይነት ገደብ ነው የሠራው። ለሁሉም ሰው ልክ የሚመጣ ቁጥር አይደለም፤ እንዳንተ ላለ ችኩል ግን ጥሩ ልጓም ነው። ዳገት ላይ ካለፈብህ በእግርህ ሂድ። የሚያይህ የለም፤ ቢያይህስ?

ስለ ኬምብሪጅ አንድ ነገር። ሜዳ ነው ብለው ይነግሩሃል። ሜዳ ነው። ግን ቁልቁለት የለም ማለት እግር የሚያርፍበት ቦታ የለም ማለት ነው። 180 ኪሎ ሜትር ሙሉ ፔዳል ትመታለህ፤ ብላክዋተር ረግረጉ ጋ ስትደርስ ነፋስ ፊት ለፊት ይጠብቅሃል። ዋናው ቾፕታንክ ወንዝ ውስጥ ነው፤ ጄሊፊሽ አለ። ይነክሳል። የዚያችን ልጅ ምክር አትስማ።

ምግብ። ቡና ብቻ ጠጥተህ መሪ አትያዝ። ከልምምድ በኋላ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ብላ። እኔ ትልቁ ወዳጄ በሶ ነው፤ ሁለት ጭብጥ፣ ወይም በማርና በውሃ በጥብጬ በጠርሙስ። ከሱ ጋር ሁለት ቅቅል እንቁላል። ታክሲ ውስጥም ይመቻል፤ ሽታ የለውም። ብስክሌት ላይ እያለህ ግን በሶ አይሆንም፤ ገለባው ሆድ ይነፋል። እዚያ ላይ በሰዓት ከ60 እስከ 90 ግራም ካርቦሃይድሬት ነው የሚፈለገው። አንድ ሙዝ 25 ግራም ገደማ ነው፣ ቁጠረው። ቡናህን ደግሞ ከምግብ ሰዓት ራቅ አድርገው። ምሳ ላይ ያለውን ብረት ያስቀረዋል። ምስር በልተህ ወዲያው ቡና ማለት የምስሩን ግማሽ ጥቅም መድፋት ነው። አውቃለሁ፣ ከባድ ምክር ነው።

የመጨረሻው፦ መሪ ላይ ካንቀላፋህ አቁም፣ መቀመጫውን ወደ ኋላ አድርግና 20 ደቂቃ ተኛ። ከኋላህ ሰው አለ።

*

"ሲስተርዬ፣ እንዴት ነሽ? 29 ዓመቴ ነው፣ ስቶክሆልም ነው ያለሁት። ሁዳዴን 55 ቀኑን ሙሉ ጾሜ፣ እስከ 9 ሰዓት ሳልበላ፣ ጠዋት ጠዋት ስሠራ ነበር። ለካልማር አይረንማን ነው። ኪሎዬ 58 ነበር፣ አሁን 53 ነው፤ ሁሉም 'አማረብሽ' ይለኛል። የወር አበባዬ ግን ከመጋቢት ወዲህ አልመጣም። ጓደኞቼ 'ስፖርተኛ ሴት እንደዚያ ናት፣ ኖርማል ነው' ይሉኛል። አሁን ደግሞ ካልማር ፍልሰታ ውስጥ ይውላል። ምን ልብላ?" — ጿሚዋ

የኔ እህት፣ ኖርማል አይደለም። የተለመደ ነው፤ ኖርማል ግን አይደለም።

መጀመሪያ የእርግዝና ምርመራ አድርጊ። ሳቂብኝ ከፈለግሽ፤ ነርስ ግን ከዚህ ነው የምትጀምረው። እሱ ካልሆነ፣ ሰውነትሽ ሒሳብ ሠርቷል ማለት ነው። የሚገባው ምግብ ለልምምዱ ብቻ እንጂ ለሌላው አልበቃ ሲለው አላስፈላጊ ያለውን ይዘጋል። ቀድሞ ከሚዘጋቸው አንዱ የወር አበባ ነው። የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2014 ለዚህ ነገር ሬድ-ኤስ የሚል ስም ሰጥተውታል። ወንዶችም ላይ ይደርሳል፤ ግን የሚቆም የወር አበባ ስለሌላቸው ዘግይተው ነው የሚነቁት። ከወር አበባው ጋር ኤስትሮጅን ይወርዳል፤ ኤስትሮጅን ሲወርድ አጥንት ይሳሳል። በ29 ዓመት አጥንት የሚጠራቀምበት እንጂ የሚመነዘርበት ጊዜ አይደለም። ሦስት ወር ካለፈ ሐኪም ጋ መሄድ ግዴታ ነው፤ አንቺ አልፈሻል። ለሐኪሙ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደምትሠሪ ሳትደብቂ ንገሪው። የእርግዝና መከላከያ ክኒን ሰጥቶሽ ደም ቢመጣ ተስተካከለ ማለት እንዳልሆነ ደግሞ እወቂ፤ ያ የክኒኑ ደም ነው።

ጾሙን በሁለት ክፈይው። የማትበይው ነገር አለ፣ የማትበይበት ሰዓት አለ። የማትበይው ነገር ብዙ አያሳስበኝም። ሽሮ፣ ምስር፣ ሽምብራ፣ አኩሪ አተር፣ ለውዝ፣ ሱፍ፣ ተልባ፤ የጾም ገበታችን ብዙ ዓለም የሚቀናበት ነው። በ58 ኪሎሽ ስናሰላ በቀን 90 ግራም ያህል ፕሮቲን ያስፈልግሻል። አንድ ኩባያ የበሰለ ምስር 18 ግራም አለው። ስለዚህ በልጅ እጅ የሚጨለፍ ወጥ አይበቃም፤ በጭልፋ ነው። ሎሚ ጨምቂበት፣ ብረቱን ያሳልፈዋል። ስለ ዓሣው ክርክር አልገባም፣ ጠብ አልፈልግም።

ያሳሰበኝ ሰዓቱ ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ሠርተሽ እስከ 9 ሰዓት ባዶ ሆድ መዋል፣ ሰውነትሽ ሊጠገን በተዘጋጀበት ሰዓት ሁሉ እጁን ባዶ መስደድ ነው። ሰዓቱን የምትጾሚ ከሆነ ልምምዱን ወደ ማታ አዙሪው። የስቶክሆልም በጋ አይመሽም፤ በልተሽ፣ አርፈሽ፣ 11 ሰዓት ላይ ብትወጪ ገና ጠራራ ነው። ቅዳሜና እሑድ የሚጾመው ጥሉላት እንጂ ሰዓት ስላልሆነ ረጅሙን እዚያ ላይ አድርጊው።

ይህ ግን ለጤነኛ ሰው ነው። አንቺ አሁን ታመሻል። እኔ የንስሐ አባት አይደለሁም፣ ጹሚ አትጹሚ አልልሽም። የራሴን ልንገርሽ። እግሬ የተሰነጠቀ ዓመት ፍልሰታ ሲደርስ የንስሐ አባቴ ጋ ሄጄ "ምን ላድርግ?" ብዬ ጠየቅኳቸው። ቃለ እግዚአብሔር ያሰሙኛል ብዬ ስጠብቅ "ሐኪሙ ምን አለሽ?" አሉኝ። አልጠየቅኩትም አልኳቸው። "እንግዲያ እሱን ጠይቂና ተመልሰሽ ነይ" አሉኝ። አንቺም በዚሁ ቅደም ተከተል ሂጂ።

ካልማርን በተመለከተ፣ እኔ ብሆን ለከርሞ አሳልፈው ነበር። እዚያ ያለው የኦላንድ ድልድይ የትም አይሄድም። ሐኪሙ ፈቅዶልሽ ከገባሽ ግን በብስክሌቱ ላይ በየሰዓቱ መብላት ግዴታ ነው፤ አብዛኛው ጄል ከስኳርና ከበቆሎ የተሠራ ስለሆነ የጾም ነው፣ ሽፋኑን አንብቢ። አምስቱን ኪሎ ደግሞ መልሺው። "አማረብሽ" የሚሉሽ ሰዎች አጥንትሽን አያዩትም።

*

"ሲስተር፣ ከልምምድ በኋላ የበረዶ ውሃ ውስጥ እገባለሁ። አሁን ደግሞ እግር ላይ የሚነፋውን ቦት ልገዛ ነው፤ ዋጋው እንደ ብስክሌት ነው። ጉልበቴን ሲያመኝ ከረጅም ልምምድ በፊት አይቡፕሮፌን እወስዳለሁ። ልክ ነኝ?" — ከሲያትል

በረዶው ሕመሙን ያደነዝዛል፤ በሙቀት ቀንም ያበርዳል። ክብደት ካነሣህ በኋላ ሁልጊዜ ከገባህበት ግን ጡንቻ እንዳያድግ ያደርጋል። ስለዚህ ከጂም ቀን በኋላ ተወው። ቦቱ ደስ ይላል። እግር ይነፋል፣ ይለቃል፣ ሰው ያንቀላፋል። የማንቀላፋቱ ነው ጥቅሙ ባይ ነኝ። ገንዘቡ ካለህ ግዛ፤ ከሌለህ ጥቁር መጋረጃ ግዛ።

አይቡፕሮፌኑን ግን ዛሬውኑ አቁም። በሙቀት፣ ብዙ ሰዓት፣ ውሃ እያጠረህ በምትሠራበት ጊዜ ወደ ኩላሊት የሚሄደው ደም ይቀንሳል፤ መድኃኒቱ ያንኑ ይብስ ይቀንሰዋል። በዚያ ላይ ጉልበትህ ሊነግርህ የፈለገውን አፉን እየያዝከው ነው። መድኃኒት ካልወሰድኩ መሮጥ አልችልም የሚል ሰው መሮጥ የለበትም። ውሃም ሲበዛ ይጎዳል፤ ሳይጠማህ በላይ በላዩ ብትጨምር የደምህ ጨው ይቀጥንና ራስህን ትስታለህ። ሲጠማህ ጠጣ፣ ጨው ያለው ነገር ያዝ።

*

"ለሲስተር። ባለፈው እትም 'እረፍትም ልምምድ ነው' ብለሽ የጻፍሽውን አነበብኩ። ልጄ፣ እኔ 71 ዓመቴ ነው። በጉብዝናዬ ጃንሜዳ አገር አቋራጭ ሮጫለሁ። በእኛ ጊዜ እረፍት የሚባል ወሬ አልነበረም። አበበ ቢቂላ ትርፍ አንጀቱን ተቀዶ ቶኪዮ ላይ ያሸነፈው ተኝቶ ነው? ይህን የምጽፈው በልጄ ምክንያት ነው። ዴንቨር ይኖራል፣ ይኸው የምትሉትን ሦስት ስፖርት ይሠራል። እሑድ ማታ 5 ሰዓት ላይ ስደውልለት ስልክ አያነሣም። እዚያ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው አሉኝ። ሚስቱ 'ተኝቷል' ትለኛለች። ጎልማሳ ሰው በጠራራ ፀሐይ ይተኛል? ታሞ ይሆን የደበቁኝ?" — ከአዲስ አበባ

ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ስለ ጻፉልኝ አመሰግናለሁ።

አበበን ስላነሡ እኔም እዚያው ልጀምር። እርስዎ ከእኔ ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ1964 ቶኪዮ የሮጠው ከቀዶ ጥገናው አንድ ወር ትንሽ አለፍ ካለ በኋላ ነው። 2:12:11። ሁለተኛው ስታዲየም የገባው ከአራት ደቂቃ በኋላ ነው፤ አበበ እስከዚያ ሣሩ ላይ ሰውነቱን ያፍታታ ነበር። ዓለም ጉድ አለ። ግን ጋሼ፣ እኔ አንዳንዴ አንድ ነገር እጠረጥራለሁ። ያ ቀዶ ጥገና ከውድድሩ በፊት ባለው ወር በግድ አሳረፈው። ዓመት ሙሉ የሠራ ሰው ነው፣ በጉልበት አልጋ ላይ የዋለው። ሐኪም ያዘዘው ቅነሳ ከአሰልጣኝ ቅነሳ ባይበልጥ ነው? ማረጋገጫ የለኝም፣ ነርስነቴ ነው የሚያናግረኝ።

ደግሞ ቶኪዮን የሚያነሣ ሰው ሜክሲኮን ለምን ይዘላል? እ.ኤ.አ. በ1968 ያው አበበ እግሩን ታሞ ገብቶ 17 ኪሎ ሜትር አካባቢ ላይ አቋረጠ። ወርቁን ማሞ ወልዴ አመጣው። ያው ሰው፣ ያው ወኔ። እግሩ ግን ሳይድን ነበር የገባው።

በእርስዎ ጊዜ እረፍት አልነበረም ያሉትን በሙሉ አልቀበልም፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ስም አልነበረውም እንጂ ነበር። ከጃንሜዳ መልስ ስልክ አልነበረም፣ ቴሌቪዥን አልነበረም፤ በልተው ጥላ ሥር ጋደም ይሉ አልነበር? ምሽት 3 ሰዓት ላይ ቤቱ ጭልም ይል አልነበር? ልጅዎ ያለበት አገር እንደዚያ አይደለም። እረፍቱን ካልሰረቀ አያገኘውም።

ስለዚህ አልታመመም። እሑድ ጠዋት አራት አምስት ሰዓት ብስክሌት ነድቶ፣ ከዚያ ሮጦ፣ በልቶ ነው የተኛው። ዴንቨር ከባሕር በላይ 1,600 ሜትር ነው፣ እንደ አዲስ አበባ ባይሆንም ያደክማል። በደህና ከሠራ በቀን ከሚያደርጋቸው ነገሮች ሁሉ ትልቁ ያ እንቅልፍ ነው። ሚስቱም ስልኩን ስላላቀበለችው ልትመሰገን ይገባታል።

ድምፁን መስማት ከፈለጉ ግን መላ አለኝ። እሑድ ከሰዓት በኋላ 8 ሰዓት ላይ ይደውሉለት። እዚያ ከንጋቱ 11 ሰዓት ይሆናል። ወጥ ቤት ቆሞ ጠርሙሱን እየሞላ ነው የሚሆነው፤ ያነሣል።